ልምድ ዋንጫ ያመጣል? የአውስትራሊያ ፉቲና የጨዋታ ብዛት

ሉክ ቤቨሪጅ ገና የተሸለመውን ሜዳሊያ ከአንገቱ አወለቀ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2016 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው የሜልበርን ክሪኬት ሜዳ፣ ተመልካቹ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ። የዌስተርን ቡልዶግስ አሰልጣኝ የሆነው ቤቨሪጅ ቦብ መርፊን ወደ መድረኩ ጠርቶ ሜዳሊያውን አጠለቀለት። መርፊ የቡድኑ አምበል ነው። ከ2000 ጀምሮ ለዚሁ ክለብ ተጫውቷል። በ2016 ግን ውድድሩ በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጉልበቱን ስለተጎዳ ታላቁን ጨዋታ ከሜዳ ውጭ ሆኖ ነው ያየው። ክለቡ ከ1954 ወዲህ የመጀመሪያ የሆነውን ዋንጫ ያነሳው ከሁሉም አንጋፋ የሆነው ልጁ ሳይሰለፍ፣ ብዙዎቹ ገና ለጋ በሆኑ ተጫዋቾች ነው።

ቡልዶግስ እስከ 1996 ድረስ መጠሪያው ‹‹ፉትስክሬይ›› ነበር። ፉትስክሬይ ማለት ሜልበርን ያለን ሐበሾች እንጀራ የምንገዛበት፣ ቡና የምንጠጣበት ሰፈር ነው። ፉቲ ምን እንደሆነ የማያውቀው ሰው ሁሉ በዚያ ሰሞን ሰፈሩ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ለብሶ አይቷል።

ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። በ2022 ጂሎንግ የተባለው ክለብ ከመቶ ዓመት በላይ ባስቆጠረው የውድድሩ ታሪክ በእድሜ ትልቁን ቡድን አሰልፎ፣ ሲድኒን በ81 ነጥብ ልዩነት ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ታዲያ የትኛው ነው ትክክል? ልምድ ዋንጫ ያመጣል ወይስ አያመጣም? በየዓመቱ የዋንጫው ጨዋታዎች የሚካሄዱበት ሴፕቴምበር ሲደርስ በቴሌቪዥንም በሥራ ቦታም የሚነሳው ክርክር ይኸው ነው። ብዙውን ጊዜ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለው ነው ክርክሩ የሚካሄደው።

በመጀመሪያ፣ ጨዋታው ምን ዓይነት ነው?

ፉቲ የሚባለው የአውስትራሊያ እግር ኳስ ሞላላ ሜዳ ላይ፣ በሞላላ ኳስ፣ 18 ለ18 ሆነው የሚጫወቱት ነው። ኳሷ በእግር ትመታለች፣ በእጅም ትያዛለች። በሜዳው ጫፍና ጫፍ አራት አራት ቋሚዎች አሉ። በመካከለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መሀል በእግር የገባች ኳስ ጎል ተብላ 6 ነጥብ ታስገኛለች፤ በጎን ባሉት በኩል ካለፈች 1 ነጥብ ብቻ። ከጨዋታ ውጭ የሚባል ሕግ የለም። ስለዚህ ተጋጣሚ ከፊትም፣ ከኋላም፣ ከጎንም ሊመጣብህ ይችላል። አራት ክፍለ ጊዜ አለው፤ እያንዳንዱ የባከነው ሰዓት ሲታከልበት ወደ ግማሽ ሰዓት ይጠጋል።

ዋናው ሊግ ኤኤፍኤል ሲሆን 18 ክለቦች አሉት። ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሰንጠረዡ አናት ያሉት ወደ ጥሎ ማለፍ ይገባሉ፤ የመጨረሻዋ ጨዋታ ግራንድ ፋይናል ትባላለች። ዋንጫው የሚገኘው እሷን በማሸነፍ እንጂ ሰንጠረዡን በመምራት አይደለም። ይህን ልብ በሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ጎበዝ ሆኖ መክረም አንድ ነገር ነው፣ በአንዲት ቅዳሜ ከሰዓት ማሸነፍ ሌላ ነገር ነው።

‹‹ልምድ›› ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

በፉቲ ቋንቋ ልምድ የሚለካው በጨዋታ ብዛት ነው፤ ተጫዋቹ በዋናው ሊግ ስንት ጊዜ ተሰልፏል? ቁጥሩ ከስሙ ቀጥሎ ይጻፋል። 50ኛ፣ 100ኛ፣ 200ኛ ጨዋታ ይከበራል፤ 300 የደረሰ በጓደኞቹ ትከሻ ላይ ሆኖ ከሜዳ ይወጣል። ብሬንት ሃርቪ በ2016 ሲያቆም 432 ጨዋታ ነበረው፤ ዋንጫ ያነሳው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በ1999።

እድሜና ልምድ አንድ አይደሉም። ክለቦች አብዛኞቹን ተጫዋቾቻቸውን የሚያገኙት በ18 ዓመታቸው፣ ድራፍት በሚባለው ዓመታዊ የምርጫ ሥነ ሥርዓት ነው። አንድ ክለብ በመደበኛው ውድድር 23 ጊዜ ይጫወታል። እንግዲህ አስሉት፤ አንድም ሳምንት ያልቀረ፣ አንድም ቀን ያልተጎዳ ልጅ እንኳ መቶ ለመድረስ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ጀማሪ ልጅ ደግሞ በየሳምንቱ አይሰለፍም፤ ይጎዳልም። ስድስት ሰባት ዓመት ቢፈጅበት የሚገርም አይደለም። ስለዚህ ‹‹መቶ ጨዋታ ያለው›› ሲባል ባብዛኛው በሃያዎቹ አጋማሽ ያለ፣ አካሉ የጠና ሰው ማለት ነው።

የቡድን ልምድ የሚባለው የተሰላፊዎቹ ሁሉ የጨዋታ ቁጥር ተደምሮ ለተሰላፊዎቹ ብዛት ሲካፈል የሚገኘው አማካይ ነው። ጋዜጠኞች ከግጥሚያ በፊት የሚጠቅሱት ይህንን ነው።

ብዙ የተጫወተ ሰው ምን ያገኛል?

በመጀመሪያ አካል። የ18 ዓመት ልጅ ሊፈጥን ይችላል፤ ግን ዘጠና ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ አንቆ ሲይዘው ኳሷን ይዞ መቆም ሌላ ጉዳይ ነው። ይህን የሚሰጡት ዓመታት ናቸው፣ አቋራጭ የለውም።

ሁለተኛው አስተውሎት ነው፤ የት መቆም፣ መቼ መሮጥ፣ መቼ ደግሞ አለመሮጥ። ገበሬ ወይፈን ሲገራ ከነባር በሬ ጋር የሚጠምደው ለምን እንደሆነ እናውቃለን። ነባሩ ትልሙን ያውቀዋል። ወይፈኑ ጉልበት ቢኖረውም ብቻውን ቢተውት ቀንበሩን ይዞ ይሮጣል። በፉቲ መከላከል የጋራ ሥራ ነው። አንድ ተከላካይ አምስት ሜትር ቢሳሳት ከኋላው ያለው ሰንሰለት ሁሉ ይበጠሳል። ይህን አብሮ በመጫወት እንጂ በሰሌዳ ላይ በማጥናት አያገኙትም።

ሦስተኛው በጭንቅ ሰዓት የሚታየው ነው። የ2023ቱን ግራንድ ፋይናል ያየ ሰው ይገባዋል። ኮሊንግዉድና ብሪዝበን መሪነቱን እየተቀባበሉ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ደረሱ። ብሪዝበን መራ፤ ኮሊንግዉድ መልሶ ነጠቀ። ከዚያ ኳሷ ስቲል ሳይድቦተም እጅ ገባች። ከጎሉ ከ50 ሜትር በላይ ይርቃል፤ ብዙ ሰው እዚያ ጋ ሆኖ ለሌላ ያቀብላል። እሱ ግን ተረጋግቶ መታ፤ ገባ። ብሪዝበን አንድ ጎል ቢጨምርም ጨዋታው 90 ለ86 አለቀ። ሳይድቦተም 32 ዓመቱ ነበር። እሱና የ35 ዓመቱ ስኮት ፔንድልበሪ ከ13 ዓመት በፊት በ2010 ኮሊንግዉድ ዋንጫ ሲያነሳም ሜዳው ውስጥ ነበሩ። እዚያ ቦታ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ልቡ አይመታም ማለት አይደለም፤ እየመታም እጁ ሥራውን ያውቃል።

ታዲያ ልምድ ነው ያሸነፈው ወይስ ጥሩ ተጫዋች መሆን?

አብዛኛው ክርክር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

ፉትስክሬይ ውስጥ ሃያ ዓመት የቆየ ምግብ ቤት አለ እንበል፤ ሽሮው ጥሩ ነው። ሽሮው ጥሩ የሆነው ሃያ ዓመት ስለተሠራ ነው? በከፊል አዎ፤ እጅ ይለመዳል። ግን ደግሞ መጀመሪያውኑ ጥሩ ባይሆን ኖሮ በሁለተኛው ዓመት ይዘጋ ነበር። ከእሱ ጋር አብረው ተከፍተው የተዘጉትን ዛሬ አናያቸውም። የምናየው የተረፈውን ብቻ ነው።

ተጫዋችም እንደዚሁ ነው። 200 ጨዋታ ያለው ሰው ብዙ ስለተጫወተ ጎበዝ ሆኗል፤ ጎበዝ ስለሆነም ነው ብዙ የተጫወተው። ደካማው በ15ኛው ወይም በ30ኛው ጨዋታ ላይ ኮንትራቱ ሳይታደስለት ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል። ስለዚህ የጨዋታ ብዛት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ነው የሚነግረን፤ የተማረውንም፣ የተመረጠበትንም። ልምድ ያለው ቡድን ልምድ ከሌለው ይልቅ ብዙ ጊዜ ያሸንፋል የሚለው እውነት ነው። ግን ክለቡ ነገ ጠዋት 200 ጨዋታ ያላቸውን አምስት ሰዎች ከሌላ ቦታ ቢያስመጣ ዋንጫው ይመጣል ማለት አይደለም። ቁጥሩ ምልክት እንጂ መድኃኒቱ ራሱ አይደለም።

ልምድ ጨርሶ ከሌለስ?

ይህን ሊጉ ራሱ፣ ሳያስበው ይመስለኛል፣ ሞክሮ አሳይቶናል። ጎልድ ኮስት በ2011፣ ግሬተር ዌስተርን ሲድኒ (ከላይ ከተጠቀሰው ሲድኒ የተለየ ክለብ ነው) በ2012 አዲስ ክለብ ሆነው ሲገቡ በድራፍቱ ላይ ከሌሎቹ የበለጠ ምርጫ ተሰጣቸው። የሀገሪቱን ምርጥ ታዳጊዎች ሰበሰቡ። ጥቂት አንጋፋዎችም ተጨመሩላቸው፤ ጎልድ ኮስት በዘመኑ አንደኛ የሚባለውን ጋሪ አብሌትን አምበል አድርጎ ነበር።

ውጤቱስ? ጎልድ ኮስት በመጀመሪያ ዓመቱ 3 ጨዋታ አሸንፎ መጨረሻ ወጣ። ሲድኒዎቹ በ2012 ሁለት፣ በ2013 አንድ አሸነፉ። ከመቶ ነጥብ በላይ የተሸነፉባቸው ቀናት ነበሩ። ተሰጥኦ ሞልቷል፤ ግን ሁሉም ወይፈን፣ ነባሩ በሬ ጥቂት።

ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። ሲድኒዎቹ ልጆቻቸው ሲጠኑ በ2016 ለግማሽ ፍጻሜ፣ በ2019 ለግራንድ ፋይናል ደረሱ፤ በሪችመንድ በ89 ነጥብ ተረቱ እንጂ። ጎልድ ኮስት ግን ወደ ጥሎ ማለፍ ለመግባት እስከ 2025 ጠበቀ፤ 15 የውድድር ዓመት ማለት ነው። ለምን? ያሳደጋቸው ልጆች ልክ ሲበስሉ ስለሄዱበት ነው። ዲዮን ፕሬስቲያ ሄዶ ከሪችመንድ ጋር በ2017፣ በ2019 እና በ2020 ዋንጫ አነሳ። ቶም ሊንች ተከተለው፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አብሮ አነሳ። ስቲቨን ሜይ ወደ ሜልበርን ክለብ ሄዶ በ2021 አነሳ። የ18 ዓመት ልጅ ከቤቱ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ሲመደብ፣ ኮንትራቱ ሲያልቅ ወደ ቤተሰቡ መመለስ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ክለቡ ግን ዘርቶ፣ አርሞ፣ አዝመራው ለሌላ ሆነ። በእኔ እይታ ስለ ልምድ ከሚነገሩ ታሪኮች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ልምድ በዝርዝር ላይ የሚቀመጥ ንብረት አይደለም፤ እግር አለው፣ ይሄዳል።

ወጣት ቡድን ዋንጫ የሚያነሳው እንዴት ነው?

ብርቅ ነው፤ ግን ይሆናል። በ1993 ኤሰንደን ‹‹ቤቢ ቦምበርስ›› በተባሉ ልጆች አሸነፈ። ከእነሱ አንዱ ዱስቲን ፍሌቸር ገና ተማሪ ነበር። (ያው ልጅ በ2015 በ40 ዓመቱ 400 ጨዋታ ሞልቶ ነው ያቆመው።) ይሁንና ጫማ ሰቅሎ የነበረው ቲም ዋትሰን ተመልሶ ከልጆቹ ጋር ተሰልፏል፤ ነባሩ በሬ አልጠፋም።

የ2008ቱ ሃውቶርን የበለጠ ያስተምራል። ተጋጣሚው ጂሎንግ የዓመት በፊት ሻምፒዮን፣ በመደበኛው ውድድር ከ22 ጨዋታ አንድ ብቻ የተሸነፈ፣ በብስለቱ ጫፍ ላይ ያለ ቡድን ነበር። የሃውቶርን አሰልጣኝ አላስታየር ክላርክሰን ከልጆቹ የ300 ጨዋታ ብልሃት አልጠበቀም፤ ቀለል ያለ ግን ጥብቅ ሥርዓት ሰጣቸው። ሰው ለሰው ከመያዝ ይልቅ ሜዳውን እንደ መረብ ሆነው ይሸፍናሉ። ጎላቸው ሲጨነቅ ደግሞ ኳሷን ራሳቸው በጎን በኩል አስወጥተው ለተጋጣሚ 1 ነጥብ ይሰጣሉ፤ 6 ከመስጠት 1 መስጠት ይሻላልና። በዚያ ቀን 11 ጊዜ እንዲህ አድርገዋል። ጂሎንግ 34 ጊዜ አስቆጥሮ ከዚያ ውስጥ 23ቱ ባለ 1 ነጥብ ሆኑበት፤ ሃውቶርን 25 ጊዜ ብቻ አስቆጥሮ 115 ለ89 አሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት ሆን ብሎ እንዲህ ማድረግ የሚያስቀጣ ሕግ ወጣ። በዚያው ቡድን ውስጥ ሼን ክሮፎርድ ነበር፤ 305ኛና የመጨረሻ ጨዋታው፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ዋንጫው።

ከዚያስ? ሃውቶርን በ2009 ዘጠነኛ ሆኖ ጥሎ ማለፍ እንኳ አልገባም። ቡልዶግስም ከ2016ቱ ድል በኋላ በ2017 አሥረኛ ሆነ። ግን የሃውቶርን ልጆች አልተበተኑም። ሉክ ሆጅ፣ ሳም ሚቸል፣ ጃሪድ ራፍሄድ፣ ጆርዳን ሉዊስ አብረው ጎለመሱ፤ በ2013፣ በ2014 እና በ2015 በተከታታይ ሦስት ዋንጫ አነሱ። በልጅነታቸው አንድ ቀን ያሸነፉት ሰዎች ሲበስሉ ሦስት ዓመት ማንም አላስቆማቸውም። ልምድ የሚጨምረው ይህንን ነው ብዬ አስባለሁ፤ ደጋግሞ ማሸነፍን።

ልምድ ሲበዛስ? እድሜ አይጎዳም?

ይጎዳል። የጡንቻ ጉዳት ይደጋገማል፣ ለማገገም ቀኑ ይረዝማል፣ ፍጥነት ይቀንሳል። ጂሎንግ በ2021 በግማሽ ፍጻሜው በሜልበርን በ83 ነጥብ ሲሸነፍ ‹‹አርጅተዋል፣ አልቆላቸዋል›› ያላለ ሰው አልነበረም። ክለቡ ግን ቡድኑን አላፈረሰም። በዓመቱ መሀል አንጋፋዎቹን እያሳረፈ ለሴፕቴምበር አቆያቸው። በ2022 የግራንድ ፋይናሉ ኮከብ የ33 ዓመቱ አይዛክ ስሚዝ ሆነ፤ ከሃውቶርን ሦስቱንም ዋንጫዎች አንስቶ የመጣ ሰው። አምበሉ ጆኤል ሴልዉድ 355ኛ ጨዋታውን አድርጎ፣ ዋንጫውን ይዞ ተሰናበተ። የቡድኑ አማካይ እድሜ ከ28 ዓመት በላይ ነበር።

ሂሳቡ በሚቀጥለው ዓመት መጣ፤ ጂሎንግ በ2023 አሥራ ሁለተኛ ወጣ። አንጋፎች የበዙበት ኮሊንግዉድም ከዋንጫው ማግስት በ2024 ዘጠነኛ ሆነ። እንግዲህ ወጣቶቹም አንጋፎቹም ከድል በኋላ ወድቀዋል፤ ውድቀቱን ለእድሜ ብቻ መስጠት ልክ አይሆንም። ሊጉ ራሱ ማንም ላይኛው ወንበር ላይ እንዳይቀመጥ ተደርጎ ነው የተሠራው። መጨረሻ የወጣ ክለብ በድራፍት ቀድሞ ይመርጣል። የደመወዝ ጣሪያም አለ፤ ብዙ ያሸነፉ ተጫዋቾች ብዙ ይጠይቃሉ፣ ሁሉንም መክፈል አይቻልም። ልምድ ዋጋው ውድ ነው።

አማካዩ የሚደብቀው

ሁለት ቡድን እንውሰድ፤ ሁለቱም 23 ሰው፣ ሁለቱም አማካይ ወደ 100 ጨዋታ። አንደኛው 23ቱም መቶ መቶ አካባቢ ያላቸው ነው። ሁለተኛው ስምንት ሰዎች 240 ጨዋታ፣ 15 ልጆች ደግሞ 25 ብቻ ያላቸው ነው። በወረቀት ላይ እኩል ናቸው፤ በሜዳ ግን አይገናኙም። ሁለተኛው ስምንቱ ሲደክሙ የሚተካ የለውም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ደግሞ ስምንቱም አይኖሩም። ስለዚህ አማካዩን ከመጠየቅ ይልቅ መሀሉ ምን ያህል ሰፊ ነው ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ከ24 እስከ 29 ዓመት ያሉ፣ ጉልበቱም ብልሃቱም አንድ ላይ የያዙ ስንት ናቸው? አብረውስ ስንት ዓመት ተጫውተዋል?

መሀሉ ሲሰፋ ዳርና ዳር ያሉትን ይሸከማል። ብሪዝበን በ2024 ሲያሸንፍ የ35 ዓመቱ ዴይን ዞርኮ የመጀመሪያ ዋንጫውን አነሳ፤ የጨዋታው ኮከብ ግን የ20 ዓመቱ ዊል አሽክሮፍት ነበር። በ2025ም ደገሙት፤ ኮከቡም ያው አሽክሮፍት።

አማካዩ ሌላም ነገር ይደብቃል። በ2019 ግራንድ ፋይናል ሪችመንድ ማርሊዮን ፒኬትን አሰለፈ። ከስሙ ቀጥሎ የተጻፈው ቁጥር ዜሮ ነው፤ በግራንድ ፋይናል የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገ ሰው ከ1952 ወዲህ አልታየም ነበር። ፒኬት ጎል አገባ፣ 22 ጊዜ ኳስ አደረሰ፣ ዋንጫ አነሳ። በቁጥሩ ብቻ ካየነው ጨቅላ ነው። ሰውየው ግን 27 ዓመቱ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ሊግ ለዓመታት ከጎልማሶች ጋር ተጋፍቷል፤ በዚያችው ሳምንት ቀደም ብሎ የሪችመንድ ሁለተኛ ቡድን የራሱን ዋንጫ ሲያነሳ የጨዋታው ኮከብ እሱ ነበር። ሰንጠረዡ የማይቆጥረው ልምድም ልምድ ነው።

ይህ ሁሉ አሁን ለምን ያስፈልገናል?

የታዝማኒያ ደሴት ክለብ የሆነው ታዝማኒያ ዴቭልስ በ2028 የሊጉ 19ኛ ክለብ ሆኖ ሊገባ እየተዘጋጀ ስለሆነ ነው። በድራፍት የሚሰጠው ታዳጊ መብዛቱ አይቀርም፤ ጋዜጦችም ስለ ልጆቹ ይጽፋሉ። የቡድኑ የመጀመሪያ ዝርዝር ሲወጣ እኔ ዓይኔን የምጥለው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። ደሴቲቱ ላይ ተወልደው ወደ ዋናው ምድር የሄዱ፣ አሁን 26 እና 27 ዓመት የሞላቸው፣ መቶ ጨዋታ ያለፉ ስንት ሰዎች ወደ ቤታቸው እንደተመለሱ እቆጥራለሁ።